ቀመሩ ትክክል ሆኖ መልሱ ለምን ይሳሳታል?

ኤክሴልንና መሰል የሠንጠረዥ ፕሮግራሞችን የማይጠቀም መሥሪያ ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ቀመር ጽፈን የተሳሳተ ውጤት ስናገኝ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንመረምረው ቀመሩን ነው። ይሁን እንጂ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በረድፎቹ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ በአማርኛ ፊደልና በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መረጃ ስንመዘግብ የሚያጋጥሙንን ችግሮችና መፍትሔዎቻቸውን እንመለከታለን።

ለጆሮ አንድ፣ ለኮምፒዩተር ሁለት

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የ40 ተማሪዎችን ስም፣ ሠፈርና የልደት ቀን መዘገበ እንበል። «ካውንትኢፍ» በተባለው ቀመር የቁስቋም ሠፈር ልጆችን ስናስቆጥር 8 ይለናል፤ በእጅ ሲቆጠሩ ግን 11 ናቸው። ሦስቱ የት ገቡ? የሁለቱ ሠፈር «ቍስቋም» ተብሎ ተጽፏል፤ በአንደኛው ደግሞ ከ«ም» ቀጥሎ የማይታይ ባዶ ቦታ ገብቷል።

በዩኒኮድ ሥርዓት የ«ቁ» መለያ ቁጥር 4673፣ የ«ቍ» ደግሞ 4685 ነው። ኮምፒዩተር የሚያወዳድረው ድምፅን ሳይሆን ቁጥርን ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእርሱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በወጡ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ መረጃ ከአዲሱ ጋር ሲቀላቀል ችግሩ ይብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። «ሌን» የተባለው ቀመር የፊደላትን ብዛት ይነግረናል፤ «ቁስቋም» 4 መሆን ሲገባው 5 ካለን ትርፍ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። «ትሪም» ያጠፋልናል። የሠፈር ስም በእጅ ከመጻፍ ይልቅ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጥ። የሰው ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው መቀመጥ ስላለበት፣ ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ሰጥተን ፍለጋውን በዚያ እናድርግ።

ኅዳር 6 እንዴት ማርች 6 ሆነ?

አንዲት ተማሪ በቁስቋም በዓል ዕለት፣ ኅዳር 6 ቀን 1998 ዓ.ም. ተወለደች እንበል። በሠንጠረዡ 6/3/1998 ብለን ብንጽፍ፣ ቀንን የሚያስቀድም ኮምፒዩተር ማርች 6 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይወስደዋል። ትክክለኛው ግን ኖቬምበር 15 ቀን 2005 ነው። በዚህም ዕድሜዋ ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ ይጨምራል። አደገኛነቱ ምንም ዓይነት የስሕተት ምልክት አለማሳየቱ ነው። በአንጻሩ ጥቅምት 30ን 30/2/1998 ብንል፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ይቀመጣል፤ በዚህ ምክንያት ዕድሜውን የሚያሰላው ቀመር ስሕተት ያሳያል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አይታወቅላትም።

ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምዶች ለየብቻ እንደ ተራ ቁጥር ይጻፉ። በአራተኛው ዓምድ የሚከተለውን እናስገባ፦

365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4) + 30 × ወር + ቀን − 691194

በቅንፍ ካለው ውጤት የሚወሰደው ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ እርሱም በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን ስድስተኛዋን ጳጉሜን ይተካል። የመጨረሻው ቁጥር የእኛን አቆጣጠር ከኤክሴል መነሻ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጋር ያገናኛል። ለምሳሌያችን 729270 + 499 + 90 + 6 − 691194 = 38671 ይመጣል። ሴሉን በቀን መልክ እንዲያሳይ ብናደርገው ኖቬምበር 15 ቀን 2005ን እናገኛለን።

የረድፎች ሥርዓት

አንድ ረድፍ ለአንድ ሰው፣ አንድ ዓምድ ለአንድ ዓይነት መረጃ ብቻ ይሁን። ቁስቋም በጎንደርም ስላለ ከተማና ሠፈር በአንድ ሴል አይደባለቁ። በመረጃው መካከል ባዶ ረድፍ ወይም ድምር አይግባ።

የረድፎች ብዛትም ቸል አይባልም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 በእንግሊዝ አገር ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ሕሙማን ውጤት ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ሆኖ እንደነበር ታወቀ። ጥቅም ላይ የዋለው አሮጌ የፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ ትርፉ ቀርቶ ነበር። በዚህም ከሕሙማኑ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የማፈላለጉ ሥራ ዘገየ።

በአጠቃላይ፣ ቀመርን ከማመናችን በፊት እንፈትነው። የየሠፈሩን ቁጥር ደምረን 40 ካልመጣ የጎደለ ሰው አለ። ከዝርዝር የሚጎድል እያንዳንዱ ረድፍ መጽሐፍ ያልደረሳት ተማሪ ወይም ያልተጠራ ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል።