ደሃው በራሱ ብዕር ይናገር

ሰው አሳቡን በአፉ ይገልጻል። በጽሑፍም ይገልጻል። ነገር ግን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እስቲ ዛሬ፣ አሳብ በጽሑፍ ሲነገር ምን እንደሚሠራ አንድ የአገራችንን ታሪክ አንስተን እንነጋገር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ቦታውም አራት ኪሎ ነበር። ኮሌጁ «የኮሌጅ ቀን» የሚባል ዓመታዊ በዓል ነበረው። በዚያ ቀን ተማሪዎች በግጥም ይወዳደራሉ። የተመረጡት ግጥሞች በሕዝብ ፊት ይነበባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ያዳምጡ ነበር።

ለምን በግጥም? በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። መንግሥትን በግልጽ መንቀፍም ያሳስር ነበር። የጥንት ሰዎች የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እረኛው በዘፈኑ የአገሩን ብሶት ያወጣልና። የኮሌጁም ግጥም እንደዚያ እየሆነ ሄደ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥት ለመገልበጥ ሙከራ ተደረገ። ሙከራው ከሸፈ፤ ጥያቄው ግን አልጠፋም። በዚያው ዓመት ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም ይዞ ቀረበ። በግጥሙ ውስጥ ኑሮውን የሚናገረው ደሃው ራሱ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» ብሎ በግጥም ጠየቀ። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ባለሥልጣኖችን አላስደሰቱም።

ጥያቄው ከወረቀት ወደ አደባባይ ወጣ። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ!» እያሉ በፓርላማው ፊት ሰልፍ አደረጉ። ያን ጊዜ ጭሰኛው ያመረተውን ለባለርስት ያካፍል ነበር። አንዳንዱማ እኩሌታውን ይሰጥ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ይህን ያመጣው ግጥም ብቻ አይደለም። የወታደሩ፣ የሠራተኛውና የገበሬው እንቅስቃሴ ሁሉ አለበት። ነገር ግን ጥያቄው አስቀድሞ ባይነገር ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

አሳብ መግለጽ ዋጋም አስከፍሏል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ብዙ ወጣቶች በአሳባቸው ምክንያት ተገደሉ። አሳብ ሊመለስ የሚገባው በአሳብ እንጂ በጥይት አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከአራት ኪሎ ወደ ልደታ ሲኬድ ጌጃ ሰፈር ይገኛል። በዚያ ዘመን የጭቃ ቤት የበዛበት የደሃ ሰፈር ነበር። የሰፈሩ የቀን ሠራተኛ በእግሩ ተጉዞ ከኮሌጁ በር ይደርሳል፤ ከመድረኩ ግን አይደርስም። የገጠሩ ጭሰኛማ ከበሩም አይደርስ። ፊደል ስላልቆጠሩ ተማሪው ተናገረላቸው። ተማሪው መልካም አደረገ። ቢሆንም የራብን ነገር የተራበ፣ የእርሻንም ነገር ያረሰ ይበልጥ ያውቀዋል።

እኛ ዛሬ ፊደል ቆጥረናል። ስለዚህ ሌላ ሰው እስኪናገርልን መጠበቅ የለብንም። አሳባችንን ስንጽፍ አራት ነገር እናስብ፦

1. ጉዳዩ ምንድን ነው? «የመንደራችን የውሃ ጉድጓድ ተበላሽቷል።»
2. ጉዳቱ ምንድን ነው? «ሴቶችና ልጆች ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ።»
3. ሌላው ወገን ምን ይላል? «ገንዘብ የለም ይባላል።»
4. ምን ይደረግ? «እኛ ጉልበትና ድንጋይ እናዋጣለን፤ መንግሥት ቱቦውን ይስጠን።»

ስድብ አንጻፍ፤ ያላየነውንም አየን አንበል። ከዚያ ቀኑንና ስማችንን እንጻፍበት።

እኛም እንደ ተማሪዎቹ መወዳደር እንችላለን። በዕድር ወይም በማኅበር ስንሰበሰብ እያንዳንዳችን ስለ አንድ ጉዳይ ግማሽ ገጽ ጽፈን እናምጣ። ጮክ ብለን እናንብበው። የማይስማማም ካለ ተነሥቶ ምክንያቱን ይናገር። ከሁሉ የተሻለውን መርጠን፣ ሁላችን ፈርመን ለሚመለከተው ክፍል እንላከው።