«ስንት ቀን ቀረው?»

በ2001 ዓ.ም. የምንኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን ባራክ ኦባማ በተመረጡ ማግስት የሰባት ዓመቷ ልጄ ባለቀለም ወረቀትና ማጣበቂያ ይዛ ሳሎን ወለል ላይ ተዘረጋች። 76 ቀለበት ያለው ሰንሰለት ሠርታ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። አዲሱ ፕሬዝዳንት እስኪገቡ በየቀኑ አንድ ቀለበት ትቆርጣለች። ከተማው ሁሉ እንደ ልጅ ቀን መቁጠር ጀምሮ ነበር። ቡሽ ሥልጣን እስኪለቁ የቀረውን ቀን የሚቆጥር የቁልፍ መያዣ ሳይቀር ይሸጥ ነበር።

በታኅሣሥ እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጣች። ገና ጓዟን ሳትፈታ ሰንሰለቱን አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ፕሬዝዳንቱ እስኪወርዱ የቀረው ቀን ነው፣ እማማ» አለቻት ልጄ።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዝም በይ በያት፤ ሰው ይሰማል!»

በሳምንቱ አልጋዋ ሥር ሁለት ከረጢት ዱቄት፣ ምስር፣ ዘይትና ክብሪት አገኘሁ። «መንግሥት ሊለወጥ አይደል እንዴ?» አለችኝ፣ የኔ መዝናናት ገርሟት።

ሳቅኩ፤ ግን ሳቄ አልቆየም። አባቴ ወታደር ነበር። መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 በአውሮፕላን ከአገር ሲወጡ እሱ ከጦሩ ጋር ነበር። እናቴ ያን ጊዜም ቀን ትቆጥር ነበር፤ የሷ ቁጥር ግን መጨረሻ አልነበረውም። በ23ኛው ቀን እግሩ አብጦ፣ ቆሞ መሄድ አቅቶት በራችን ላይ ደረሰ። የጎረቤታችን ባል ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

«የሚሄደው ሰውዬ ራሱ ቀኑን ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ አንድ ማታ።

«ያውቃል እማዬ። እኩለ ቀን ላይ ሥልጣኑ ያበቃል፤ ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል። ቀኑም ጥር 12 ነው።»

«ሚካኤል!» አለች። ከዚያች ማታ ጀምሮ «ስንት ቀን ቀረው?» ባይዋ እሷ ሆነች። ልጄ በፈረንጅ፣ እናቴ በታቦት እየቆጠሩ አንድ ቀን ላይ ሊገናኙ ነው።

ጥምቀት በዋለ ማግስት ባለቤቴ ታክሲውን አቁሞ በባቡር ወደ በዓሉ ሄደ፤ ሜትሮው የዚያን ዕለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር ሥራ የጀመረው። እኔ አራስ ነኝና ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተሰየምን። ጠዋት ቡሽና ባለቤታቸው ኦባማና ሚሼልን ነጩ ቤተ መንግሥት ቡና ጋበዟቸው።

«ቡና ጠጥተው ነው የሚለያዩት?» አለች እናቴ፣ የራሷን ረከቦት ወደ ፊት እየሳበች።

በሥነ ሥርዓቱ ሰዓት ሠራተኞች የአንዱን ቤተሰብ እቃ አውጥተው የሌላውን እንደሚያስገቡ ስነግራት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አስደገመችኝ። ዋና ዳኛው የመሐላውን ቃል ሲያዛንፉና ኦባማም ሲደናገሩ ግን አልገረማትም። «ሰው ናቸው፤ ይደነግጣሉ» አለች።

በመጨረሻ ቡሽ ተሰናብተው ሄሊኮፕተር ውስጥ ገቡ። ኦባማና ሚሼል ቆመው ሸኟቸው። እናቴ ሲኒዋን እንደያዘች ቀረች።

«ጃንሆይን በቮልስዋገን ወሰዷቸው። መንግሥቱ በአውሮፕላን ሄዱ፤ ማንም ደህና ሁኑ አላላቸውም። ይኼኛው ግን ተሸኘ» አለች።

ልጄ የመጨረሻዋን ቀለበት ቆረጠች። «የአዲሱስ መቼ ያልቃል?»

«ከአራት ዓመት በኋላ፤ ድጋሚ ካልተመረጡ» አልኳት።

«አረ ሰውዬው ገና ወንበሩን አላሞቁትም!» ብላ እናቴ ሳቀች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገብታ ከአልጋዋ ሥር ከረጢቱን እየጎተተች ወጣች።

«በይ ሳፋ አምጪልኝ» አለችኝ። «ይሄ ዱቄት ሳይነቅዝ ለሚካኤል ድፎ ዳቦ ልጋግርበት።»