የተማረ ሠራተኛ ወፍጮ አያስቆምም

አንድ ወፍጮ ቤት አለ እንበል። ሠራተኛው ጎበዝ ነው። እህል ይመዝናል፤ ድንጋይ ይወቅራል። ማንበብና መጻፍ ግን አይችልም።

ባለቤቱ ገበያ ሲሄድ ወፍጮው ይዘጋል። ለምን? ሂሳብ የሚጽፍ የለማ! የሞተሩ ዘይት መቼ እንደተቀየረም የመዘገበ የለም። ዘይቱ ይጠቁራል፤ ሞተሩ ይጎዳል። አንድ ቀን ቀጥ ይላል። እናቶች እህሉን እንደተሸከሙ ይመለሳሉ።

“ባስተምረው ጥሎኝ ይሄዳል” ይላል ባለቤቱ። እውነት ነው፤ ሊሄድ ይችላል። ሳይማር ቢቀመጥስ? ኪሣራው የማን ነው?

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሰው ፊደል የቆጠረው ከሥራ መልስ ነው። ለሠራተኛችሁም በቀን ግማሽ ሰዓት ስጡት። መጀመሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ የደንበኛ ስም ይማር። 25 ኪሎ፣ 50 ኪሎ እያለ ራሱ ይጻፍ። ሞተሩ የሠራበትን ሰዓትና ዘይት የተቀየረበትን ቀን በደብተር ይያዝ። ቢሳሳት አትቆጡት፤ አሳዩት። ሲችል ደመወዙን ጨምሩለት። ያን ጊዜ ለመሄድ አይቸኩልም።

አንተስ ሠራተኛው ወንድሜ? አላውቅም ለማለት አትፈር፤ ጠይቅ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!