«መብራቱን አጥፋልኝ»

ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው። ቱሪስት የጫኑ መኪኖች ይበዛሉ፤ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶበት ወደ ጋራዤ የሚመጣ ሾፌርም አይጠፋም። «መብራቱን አጥፋልኝ፣ እንግዶቼ ፈሩ» ይለኛል። ማጥፋቱማ ቀላል ነው፤ የመመርመሪያ መሣሪያውን ሰክቶ የብልሽቱን ኮድ መሰረዝ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ እስክሪብቶና ወረቀት አነሳለሁ።

የመኪናው ኮምፒውተር ኮዱን ሲመዘግብ ብልሽቱ የታየበትን ቅጽበትም አብሮ ይይዛል፦ የሞተሩን ዙር፣ የውሃውን ሙቀት፣ የመኪናውን ፍጥነት፣ የሞተሩን ጭነት። ኮዱ ሲሰረዝ ይህም አብሮ ይጠፋል። ፒ 0171 የሚለውን ኮድ እንውሰድ፤ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። ኮዱን ብቻ አይቶ የኦክስጅን ሴንሰር የሚገዛ ብዙ ነው፤ ገንዘቡ ያሳዝነኛል። ብልሽቱ የታየው ሚኒሞ ላይ ከሆነ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ እፈልጋለሁ። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ፊልትሮውንና አቧራ የለበሰውን የአየር መለኪያ ሴንሰር አያለሁ። በእኛ መንገድ አቧራው ነው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው።

ኮዱ ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ በመንገድ ብዛት የተማረውን የነዳጅ ማስተካከያም ይረሳል። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ ላይ ቢንገጫገጭ አዲስ ብልሽት ነው ብሎ ሌላ ነገር መፍታት አይገባም፤ እስኪማር መንዳት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የጠፋው መብራት የሚሰጠው እምነት ነው። አብዛኞቹ ብልሽቶች መብራቱን የሚያበሩት በሁለት ተከታታይ ጉዞ ከታዩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ኮዱ ውስጥ ውስጡን ተመዝግቦ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ምንም አያይም። ያልተጠገነ መኪና ከቱርሚ ንጹሕ መስሎ ይወጣና በማግስቱ ጋራዥ በሌለበት በረሃ ላይ ይቆማል፤ ሕፃንና አረጋዊ ይዞ ሊሆን ይችላል። በትክክል የተጠገነ ከሆነ ግን ሳይሰረዝም፣ ብልሽቱ ሳይታይ ሦስት ጉዞ በተከታታይ ሲያልፍ መብራቱ በራሱ ይጠፋል።

ሾፌሩ ከቸኮለ፣ ጠግኜ ኮዱን ከሰረዝኩ በኋላ በዲመካ መንገድ አብሬው እሄዳለሁ። ስንመለስ መሣሪያውን መልሼ ሰክቼ በመጠባበቅ ላይ ያለ ኮድ መኖር አለመኖሩን አያለሁ። ከሌለ ወደ ኦሞራቴ ይቀጥል፤ ካለ እንግዶቹ ቱርሚ ይደሩ።