የእጅ ትርታን ስለ ማዳመጥ፤ ጣትንም ስለሚያሠለጥኑ መሣሪያዎች

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ፣ ብዙ ሕመምተኛ የሚመላለስበት ስፍራ ነው። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የታወቀው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በዚያ ነው፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና የሕክምና ትምህርት ቤቱም በዚያው ናቸው፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር ብሎ የሚጠራው የምርምር ቤትም በዚያው ነው። ይህ የምርምር ቤት በ1988 ዓ.ም. ከምግብ ጥናትና ከባህል መድኃኒት ክፍሎች ጋር ተዋሕዶ ነበር፤ በዚህም ደምን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረውና የአባቶችን ቅጠልና ሥር የሚያጠናው ሰው በአንድ ተቋም ሥር ሆኑ።

ከዚህ መዋሐድ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቅጠሉስ ይፈጫል፣ ይመዘናል፤ የአዋቂው እጅ የሚያውቀው ነገር ግን እንዴት ይመዘናል? ለተማሪስ እንዴት ይተላለፋል? በዚህ ጥያቄ ብዙ የደከሙት ቻይናዎች ስለ ሆኑ፣ ዛሬ ስለ እነርሱ የትርታ ምርመራ ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ወደድን። ለአገራችንም እንግዶች አይደሉም፤ የቻይና መንግሥት ሐኪሞቹን ወደ ኢትዮጵያ መላክ የጀመረው በ1974 ነው (የውጭውን አገር ነገር የምንጽፍባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የቻይና ሐኪሞች በመርፌ ሲያክሙ ብዙ ሰው አይቷል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሐኪሙ የሕመምተኛውን እጅ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ በትንሽ ትራስ ላይ ያሳርፈዋል። በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ፣ ጎላ ብላ ከምትዳሰሰው አጥንት አጠገብ መካከለኛ ጣቱን ያኖራል፤ ይህ ስፍራ ጓን ይባላል። ሌባ ጣቱን ከዚያ ወደ መዳፍ በኩል ያኖራል፤ ይህም ጹን ነው። የቀለበት ጣቱን ወደ ክርን በኩል ያኖራል፤ ይህም ቺ ነው። በሦስቱም ስፍራ መጀመሪያ አላልቶ፣ ቀጥሎ በመጠኑ፣ በመጨረሻ አጥብቆ እየተጫነ ያዳምጣል፤ ይህም በአንድ እጅ 9፣ በሁለት እጅ 18 ይሆናል። በእነርሱ ትምህርት የግራ እጅ ስፍራዎች የልብ፣ የጉበትና የኩላሊት ናቸው፤ የቀኝ እጅ ደግሞ የሳንባ፣ የጣፊያና እንደገና የኩላሊት ናቸው።

በ3ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ዋንግ ሹኸ የተባለ ሐኪም 24 ዓይነት ትርታ ለይቶ ጻፈ፤ ሊ ሺጀን የተባለው ደግሞ በ1564 27 አደረሰው። አንዱ ተንሳፋፊ ነው፤ እጅ ሳይጫን ይገኛል። አንዱ የሰመጠ ነው፤ ካልተጫኑት አይገኝም። አንዱ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ነው። አንዱ በሰሐን ላይ እንደሚንከባለል ዶቃ ከጣት ሥር ይንሸራተታል፤ ይህ ሴት ባረገዘች ጊዜ ይገኛል ይላሉ። ፈጣኑንና ዘገምተኛውን የሚለዩት በራሳቸው እስትንፋስ ነበረ፤ ሐኪሙ አንድ ጊዜ አየር ስቦ እስኪመልስ የሕመምተኛው ትርታ 4 ወይም 5 ጊዜ ቢመታ ደኅና ነው፤ ቢያንስ ዘገምተኛ፣ ቢበዛ ፈጣን ነው። የሐኪሙ ሳንባ ሰዓቱ ነበረ ማለት ነው፤ ሐኪሙ ራሱ ጉንፋን የያዘው ዕለት ሰዓቱ እንዴት ይሆን እንደ ነበረ ግን እንጃ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መምህሩ «ይህ እንደ ክራር ጅማት ነው» ባለ ጊዜ፣ ተማሪው በራሱ ጣት ሥር ያለውን ያውቃል እንጂ በመምህሩ ጣት ሥር ያለውን አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሮ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ሠሩለት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ተማሪዎች ቢከራከሩ ብራናው ይዳኛቸዋል። ሆኖም ምልክቱን ብቻ አይቶ ያለ መሪጌታ ዜማ ያወቀ ሰው አልሰማንም።

በፍርድ ሥራ ምስክሮች ለየብቻቸው መጠየቃቸው የታወቀ ነው። ተመራማሪዎችም የትርታ አዋቂዎችን እንዲሁ ፈትነዋቸዋል፤ አንዱን ሰው ለየብቻቸው እንዲዳስሱት ሲደረግ ቃላቸው ብዙ ጊዜ ሳይገጥም ቀርቷል። የእያንዳንዱ ትርታ ትርጓሜ አስቀድሞ በግልጽ ተወስኖ በተሰጣቸው ጊዜ ግን ስምምነታቸው ከፍ ብሏል። ስለዚህ ጉድለቱ የጣት ብቻ ሳይሆን የቃልም ነበረ።

መሣሪያ የተፈለገውም ስለዚህ ነው። አስቀድሞ መቁጠር ተቻለ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር ልክ አንድ ደቂቃ የሚሄድ ሰዓት አሠርቶ ትርታን ስለ መቁጠር በ1707 መጽሐፍ አሳተመ፤ ስለ ቻይናዎች የትርታ ጥበብም ጽፏል። ቀጥሎ መሳል ተቻለ፤ ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በ1860 በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር፣ ትርታው በመታ ቍጥር ትንሽ ዘንግ እያነሣ በወረቀት ላይ መስመር የሚስል መሣሪያ ሠራ።

ዛሬ በቻይና የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የዚሁ የልጅ ልጅ ነው። ግፊት የሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎች በእጅ አንጓ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዘው፣ አላልተውም አጥብቀውም እየተጫኑ፣ የምቱን ሞገድ በመስታወቱ ላይ ያሳያሉ። ተማሪው ዳስሶ «የሰመጠ ነው» ካለ በኋላ ሞገዱ በየትኛው ግፊት ከፍ እንዳለ ያያል፤ መምህሩም ያንኑ ያያል። ከዚህም ሌላ እንደ ሰው ክንድ ሆኖ የተሠራ አለ፤ በውስጡ ባለው ቧንቧ ፈሳሽ በፓምፕ እየተገፋ፣ መምህሩ ያዘዘውን ዓይነት ትርታ ይመታል። ሕያው ሰው የተወጠረ ትርታ አምጣ ቢሉት አያመጣም፤ ይህ ክንድ ግን ያመጣል፤ 100 ጊዜ ቢደጋገምም አይሰለችም።

በእኛ አስተያየት የዚህ መሣሪያ ጥቅም ጣትን ማሠልጠኑ ነው እንጂ በሽታን መናገሩ አይደለም። የሞገዱ ቅርጽ ስለ ልብ ሥራና ስለ ደም ሥር መጠንከር ይገልጻል፤ በጓን ስፍራ የተሳለው መስመር የጉበትን ነገር ይናገራል የሚለው ግን በአሁኑ ሳይንስ አልተረጋገጠም። በኮምፒዩተር ስለ ተሳለም እውነት አይሆንም። የቻይና ሐኪሞች ራሳቸው ማየትን፣ ድምፅና ሽታ መመርመርን፣ መጠየቅንም ከመዳሰስ ጋር አንድ ላይ ይይዛሉ እንጂ በትርታ ብቻ አይፈርዱም።

መሣሪያም እንደ ሰው ያደገበት አገር አለው። በጣት ላይ እንደ መቆንጠጫ የሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ በ1974 መሠረቱን የጣለው፣ በኮሮና ዘመን በብዙ ቤት ገብቷል። ትርታን ይቆጥራል፤ በደም ውስጥ ያለውንም ኦክሲጅን በብርሃን ይገምታል። በ2020 በአሜሪካ አንድ ጥናት ታተመ፤ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየበት ጊዜ፣ በደም ምርመራ እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች ግን 11.7 በመቶ ነበረ። የቆዳ ቀለም ከብርሃኑ ይወስዳልና መሣሪያው የጥቁሩን ሰው ሕመም አሳንሶ አየ። ስለዚህ ትንፋሽ ያጠረውን ሕመምተኛ ቁጥሩ መልካም ነው ብሎ ከቤት ማስቀረት አይገባም።

ለቤተሰብ የሚበቃው ትምህርት ግን ያለ ኮምፒዩተር ይገኛል። የሚቆጠርለት ሰው 5 ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ ደረጃ እንደ ወጣ ወይም ቡና እንደ ጠጣ ወዲያው አይቆጠር። አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው አይዳሰስበት። ሰዓት ተይዞ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠር። ለጎልማሳ ከ60 እስከ 100፣ አዲስ ለተወለደ ሕፃን ከ100 እስከ 160 ደኅና ነው፤ በእንጦጦ ዳገት ማለዳ እንደሚታዩት በሩጫ የሠለጠነ ሰው ከ60 ቢያንስበት አያስደነግጥም። የእጅ ስልክም ጣትን በካሜራውና በመብራቱ ላይ በማሳረፍ ይቆጥራል፤ ጣት ከተንቀሳቀሰ ግን ይሳሳታል። አስቀድሞ በጣት ቆጥሮ በኋላ ከስልኩ ጋር ማመሳከር ልጆችንም የሚያስደስት ነው።

ከቁጥሩም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የምቱ ሥርዓት ነው። አንዱ ቶሎ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ጠንክሮ፣ አንዱ ደክሞ የሚመታ ትርታ ቀላል ነገር አይደለም። በአገራችን ብዙ ወጣቶች፣ በልጅነታቸው በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ይጎዳሉ። የልብ በር ሲጠብ ትርታው ሥርዓቱን ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደም በልብ ውስጥ ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ የሰውን ግማሽ ጎን ያሽመደምዳል። ይህን የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን ሕመሙ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

እንዲህ ያለ ትርታ የተገኘ እንደ ሆነ ሁለት ሰው ሆኖ መቁጠር ይቻላል። አንዱ ጆሮውን ከልጁ ደረት ላይ አድርጎ የልቡን ምት፣ ሌላው በእጅ አንጓ ትርታውን፣ እኩል ጀምረው በ1 ደቂቃ እኩል ያቁሙ። የደረቱ ቁጥር ከእጁ ከበለጠ፣ ከልብ ምቶች አንዳንዱ እስከ እጅ ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥር ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በወረቀት ጽፎ፣ ልጁን ይዞ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ትርታው ከመደበላለቁም ጋር ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ወይም የአንድ ወገን መዛል ቢታይ ግን ለመቁጠር አይቈይ።