የሐኪሞች ጉባኤ፦ በአዳራሽ ወይስ በስልክ?

በ1833 ዓ.ም. የግንቦት ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከታጁራ ወደብ የተነሣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦና የሸዋን ዳገት ወጥቶ አንኮበር የገባው በሐምሌ ሲሆን፣ ከተከታዮቹም መካከል ዶክተር ኪርክ የሚባል ሐኪም ነበረ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም የፈረንጅን መድኃኒት እየጠየቁ የሚያስቀምጡ፣ ስለ አወሳሰዱም የሚመረምሩ ነበሩና የዚህ ሐኪም መምጣት ለቤተ መንግሥቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያም በኋላ፣ በ1869 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አጠገብ የሰጡት ሌት ማረፊያ የተባለው ስፍራ፣ ዶክተር ትራቬርሲን የመሰለ ሐኪም የተቀመጠበት ጣቢያ ሆነ። የሕክምና ዕውቀት ወደዚህ አገር የሚደርሰው ባለቤቱ በአካለ ሥጋ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ዛሬ ግን በአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ፣ በጎረቤላ፣ የሚያገለግል ወጣት ሐኪም በጄኔቭ ወይም በናይሮቢ የሚሰጠውን ትምህርት፣ ኔትወርኩ ከፈቀደለት፣ ነጭ ጋዎኑን ሳያወልቅ በስልኩ ይከታተላል። ታዲያ ይህ ከሆነ፣ ሐኪሞች ሥራቸውን ትተው በአንድ አዳራሽ የሚሰበሰቡበት ልማድ ምን ይረባል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

በሐኪሞች ዘንድ ጉባኤ የቅንጦት ነገር አይደለም። ከትምህርት ቤት በወጣ በአሥር ዓመቱ የተማረውን ብቻ ይዞ የሚያክም ሰው፣ መድኃኒቱ ሲለወጥና የሕክምናው መመሪያ ሲታደስ ሳያውቅ በቅን ልቡና ሕሙማንን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሙያው ራሱ መሰብሰብንና መጠያየቅን ግድ ይላል። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቁሞ በማግሥቱ ዓመት መጽሔቱን ማሳተም የጀመረው፣ ዓመታዊ ጉባኤም የሚያደርገው በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን ደግሞ መንግሥት ነገሩን በሕግ አጽንቶታልና፣ የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ ሲፒዲ በሚባለው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ በዓመት 30 ነጥብ ማሟላት አለበት።

በርቀት የመማሩ ነገር ከኮሮና ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች በሳተላይት አማካይነት በህንድ አገር ከሃይደራባድ ኬር ሆስፒታል ሐኪሞች ጋር መመካከር ጀምረው ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ግን፣ ቀድሞ የጥቂቶች ሙከራ የነበረው የሁሉ ግዴታ ሆነ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አዳራሽ ተካሄደ፤ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ጉባኤም በኢንተርኔት ሲደረግ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ።

ይህን መናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤድስ ጉባኤ በሞንትሪያል ሲደረግ ብዙ አፍሪካውያን ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል፤ በሽታው የሚገድለው ሕዝብ ልጆች ስለ በሽታው ከሚመከርበት ሸንጎ በር ላይ ሲመለሱ፣ የቀራቸው ሌላ መግቢያ ስክሪኑ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናትም ጉባኤን ከአዳራሽ ወደ ኢንተርኔት ማዛወር ወደ አየር የሚለቀቀውን የካርቦን ብክለት በ94 ከመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል፤ ምንም እንኳ ከአንኮበር በሚኒባስ ወርዶ አዲስ አበባ የሚሰበሰብ ሐኪም በዚህ ብክለት የሚወቀስ ባይሆንም።

ለእርሱ የሚከብደው ሌላ ነው። ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሦስት ቀን ለሚፈጅ ጉባኤ ሐኪሙ ከመሄጃና ከመመለሻ ጋር አምስት ቀን ይጠፋል፤ ሐኪሞቹም ጥቂት ስለሆኑ የእርሱ ዲውቲ በባልደረባው ጫንቃ ላይ ይወድቃል፣ በሌሊት ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣም ያ ባልደረባ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ስክሪኑ የተባረከ ነገር ነው።

ሆኖም አንድ ሥራ ቀረብ ብለን እንመልከት። ተወልዶ ያልተነፈሰን ሕፃን በጭንብልና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት ማስተንፈስ፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ መጀመር ያለበት፣ አዋላጆችና ሐኪሞች በአሻንጉሊት ሕፃን ላይ የሚለማመዱት ክሂል ነው። በቪዲዮ ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ ጭንብሉ አፍና አፍንጫን ይሸፍናል፣ ከረጢቱ ይጨመቃል። ነገር ግን የተማሪው አውራ ጣት ጥቂት ከላላ አየሩ በአሻንጉሊቱ ጉንጭ በኩል ሽው ብሎ ያመልጣል፣ አንገቱም ከልክ በላይ ከተቀለበሰ መተንፈሻው ይዘጋል፤ አጠገብ የቆመ መምህር ይህን በጆሮው ሰምቶ፣ የአሻንጉሊቱ ደረት አለመነሣቱን አይቶ፣ የተማሪውን እጅ በእጁ ይዞ ያስተካክለዋል። በስክሪን የሚያይ መምህር ግን የሚያየው የተማሪው እጅ በትክክለኛው ቦታ መሆኑን ነው እንጂ አየሩ ማምለጡን አይሰማም። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ዘርፎ ሲሳሳት ወዲያው እንደሚታረም፣ የእጅ ጥበብም ገጽ ለገጽ ይታረማል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በስማቸው የተሰየመላቸው፣ በኤደንብራ የተማሩት የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ ያሠለጠኗቸው ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በባሕርዩ ከሊቁ ጎን ተቁሞ የሚቀሰም ሙያ ነው።

ከእጅ ጥበብም ሌላ የትውውቅ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በኔቸር መጽሔት የወጣ ምርምር፣ ሁለት ሁለት ሆነው በአካል የተነጋገሩ ሰዎች በቪዲዮ ከተነጋገሩት ይልቅ ብዙ አዲስ ሐሳብ እንደሚያፈልቁ፣ ከቀረቡት ሐሳቦች መካከል የተሻለውን በመምረጥ ግን የቪዲዮዎቹ እንደማያንሱ አሳይቷል። በሻይ ዕረፍት ላይ ሁለት ሐኪሞች ስለ አንድ አስቸጋሪ ኬዝ ሲጨቃጨቁ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። የገጠሩ ሐኪም ከጉባኤ ይዞት የሚመለሰው ትልቁ ሀብት የአንድ ሲኒየር ስልክ ቁጥር ነውና፤ ያን ሰው በዓይኑ አይቶት፣ አብሮት በልቶ፣ ስሙን ካስያዘው፣ በእኩለ ሌሊት «ይህችን ታማሚ ሪፈር ልበላት ወይስ እዚሁ ልያዛት?» ብሎ ለመደወል አያፍርም።

የአዳራሹ ጉባኤ ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አበል የሚቆጥር፣ ጠዋት ፈርሞ ከሰዓት በኋላ ገበያ የሚወጣ፣ ርእሱን ሳይጠይቅ ሆቴሉን የሚጠይቅ ተሰብሳቢ ሞልቷል። በዙምም እንዲሁ ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ይታያል፣ ማይኩ ተዘግቷል፣ ባለቤቱ ግን ካርድ ክፍል ነው ወይም ምሳ ላይ ነው፤ ሰርተፊኬቱ ለሁለቱም እኩል ይወጣል። ይህ የሰው ድካም ስለሆነ በየትኛውም በር ይገባል።

ስለ ስክሪኑ የሚነገረው ውዳሴ ሁሉ ግን ለሰሜን ሸዋ ሲሆን አንድ ትልቅ ቅድመ ሁኔታ አለበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ መንገዱም አስተማማኝ አልነበረም። እንግዲህ ጉባኤው በአካል ነው እንዳይባል ሐኪሙ መሄድ አይችልም፣ በኢንተርኔት ነው እንዳይባል ስልኩ አይከፍትም፤ የዓለም መጽሔቶች ከሁለቱ የቱ ይሻላል እያሉ ሲከራከሩ እርሱ ከሁለቱም ተከልክሎ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ ተቀርጾ በፍላሽ የሚሄድበት፣ በጽሑፍም ታትሞ የሚደርስበት መላ ሊኖረው ይገባል እላለሁ፤ ነገሩ ያረጀ ቢመስልም።

በእኔ አስተያየት አዲስ መመሪያን የሚያስረዳ ትምህርት፣ የውጭ አገር ሊቅ ንግግር፣ የምርምር ውጤት፣ እነዚህ ሁሉ በስክሪን ቢመጡ የሚጎድላቸው ጥቂት ነው፤ ለእነርሱ ሲባል የአንኮበርን ሐኪም ከሕሙማኑ መለየት አይገባም። የእጅ ሥራውና የኬዝ ክርክሩ ግን በአካል ይሁን፤ ይህም አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄዱ በደብረ ብርሃን ሊደረግ ይችላል። የሐኪም ግዛው መማሪያ ሆስፒታል፣ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉና የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በአንድ ከተማ ስላሉ፣ መምህሩም፣ መሣሪያውም፣ አዳራሹም አለ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከብርዱ በቀር እንግዳን የሚያስቸግር ነገር የለም። የሚቀረው ዲውቲው ነው። ለሁለት ቀን ጉባኤ ከየወረዳው ሐኪም ሲጠራ ከደብረ ብርሃን በፋንታው ሌላ ሐኪም ቢላክ ያ ክፍተት ይደፈናል፤ ለተተኪውም እነዚያ ሁለት የጎረቤላ ሌሊቶች እንደ ሲፒዲ ነጥብ ቢቆጠሩለት፣ እዚያ የሚማረው ከብዙ ስላይድ የሚበልጥ ስለሆነ፣ የሚከፋ ሰው ያለ አይመስለኝም።