ቆዳውን የሚያለሰልሰው ኢንዛይም ብቻ አይደለም

20ኛው ክፍለ ዘመን ሲጀመር የአውሮፓ ቆዳ ፋብሪካዎች ለጓንትና ለጫማ የሚሆን ለስላሳ ቆዳ የሚያወጡት በውሻ ዓይነ ምድር ነበር። በኖራ ተዘፍዝፎ ፀጉሩ የተነቀለ ቆዳ ሞቅ ባለ ውኃ በተበጠበጠው በዚህ ዓይነ ምድር ውስጥ ይነከራል፤ ሲወጣ ግትርነቱ ለቆት እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ሽታው ግን የሚቻል አልነበረም። ውጤቱም ከቀን ቀን ይለያያል፤ የተበላሸው ቆዳ ኪሳራ ደግሞ የባለ ፋብሪካው ነው።

በሽቱትጋርት የጋዝ ማምረቻ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ኬሚስት ኦቶ ሮም፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ሽታ በሥራ ቦታው ከሚያውቀው አሞኒያ ያዘለ ፍሳሽ ጋር እንደሚመሳሰል አስተዋለ። ምስጢሩ አሞኒያው ነው ብሎ ከዚያው ፍሳሽ አንድ ምርት አዘጋጀ። ኖራው ከቆዳው ለቀቀ፤ ቆዳው ግን እንደሚፈለገው አልለሰለሰም። ቀጥሎ ከእንስሳት ቆሽት የሚገኙ፣ ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ከአሞኒየም ጨው ጋር አዋሕዶ ሞከረ። ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1907 ከኦቶ ሃስ ጋር በኤስሊንገን ከተማ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ምርታቸውንም ኦሮፖን አሉት። ሃስ ወደ ፊላዴልፊያ ተሻግሮ የከፈተው የአሜሪካ ክንፍ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ለዳው ኬሚካል ሲሸጥ ዋጋው ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

የዚህ ንግድ መነሻ አንድ ኢንዛይም ብቻ ሳይሆን ኢንዛይሙና አጋዡ ጨው በአንድነት ነበሩ። ብዙ ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይሞች በራሳቸው ሙሉ አቅማቸውን አይሰጡም። ከቆሽት የሚገኘው ትሪፕሲን ካልሲየም ሲያገኝ ራሱን በራሱ ከመፍጨት ይጠበቃል። ከፓፓያ ወተት የሚወጣውና ሥጋ ለማለስለስ የሚያገለግለው ፓፓይን አየር ሲያገኘው ይደክማል፤ ሲስቴይን የተባለ ውሕድ ሲጨመርለት ኃይሉን መልሶ ያገኛል። በቆዳ ሥራ ደግሞ ከኖራ የወጣ ቆዳ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) 12 አካባቢ ስለሚሆን ኢንዛይሙ ምንም ሊያደርግ አይችልም። አሞኒየም ሰልፌት ኖራውን አሟሙቶ ያስወጣል፤ ቆዳው ያለበትን በርሜል ፒኤችም በ8 እና በ8.5 መካከል ወዳለው ልክ አውርዶ እዚያው ያቆየዋል። በዚህ ልክ፣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሙቀት፣ ኢንዛይሙ ከዋናው የቆዳ ፕሮቲን ውጪ ያሉትን ትርፍ ፕሮቲኖች እየለየ ይበላል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ የግዥ ጥያቄ አለ። ለማለስለሻ በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት አብዛኛው ክፍሉ የእንጨት ብናኝና ጨው ነው፤ ንጹሑ ኢንዛይም ትንሽ ነው። ስለዚህ የሁለት አቅራቢዎችን ዋጋ በኪሎ ማወዳደር ትርጉም የለውም። መጠየቅ ያለበት አንድ ብር ምን ያህል የኢንዛይም የሥራ አቅም ይገዛል የሚለው ነው። ይህን ሳይለካ በጨረታ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚመርጥ ፋብሪካ ውድ የእንጨት ብናኝ ሊገዛ ይችላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። በእንስሳት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነችው አገር በ2000 ዓ.ም. ጥሬና በከፊል ያለቀ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ በኋላም ክራስት የሚባለውን፣ ተለፍቶ ደርቆ የመጨረሻው ማሳመሪያ ብቻ የቀረውን ደረጃ ጨመረችበት። ዓላማው እሴት መጨመር ነበር፤ ዓላማውም ትክክል ነው። ብዙ ያልተወራለት ግን ከእሴቱ ጋር ኃላፊነቱም አብሮ መግባቱ ነው። በቅጡ ያልለሰለሰ ቆዳ ገና በጨውና በአሲድ ደረጃ ላይ እያለ ጉድለቱ ጎልቶ አይታይም፤ ቀለምና ዘይት ገብቶለት ሲደርቅ ግን ይገተራል። ቆዳ በከፊል አልቆ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ይህ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው በገዢው ፋብሪካ ነበር። አሁን የሚገለጠው በሞጆና በአዲስ አበባ ነው። በዓለም ገበያ ለጓንት የሚፈለገው የደጋ በግ ቆዳችን ደግሞ ረዘም ያለ ማለስለስ የሚጠይቅ ነው።

ፋብሪካዎቹ ለኬሚካል ግዥ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ሲጠብቁ ዓመታት አሳልፈዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ዶላር ማግኘት ቢቀልም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዋጋ በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው በሂሳብ መዝገብ ላይ ትንሽ የሚመስለው ዕቃ ነው። አሞኒየም ጨው ርካሽ ነው፤ እሱን በመቆጠብ የሚባክነው ግን የተከፈለበት ኢንዛይምና ቆዳው ራሱ ነው። በዓል ባለፈ ማግስት ቆዳ መንገድ ዳር የሚጣልበት አገር ፋብሪካ የደረሰውንም በበርሜል ውስጥ ማበላሸቱ ያስቆጫል።

ጨውም ቢሆን ከነዕዳው ነው። አሞኒያው ከፍሳሹ ጋር ወንዝ ይገባል፤ የሞጆ ወንዝ ዳር ነዋሪዎች ለዚህ ምስክር አያሻቸውም። ያልተጣራ ፍሳሽ የሚለቅ ፋብሪካ ወጪውን ከታች ውኃ ለሚቀዳው ሰው አሻግሮለታል፤ ይህን እንደ ርካሽ ምርት መቁጠር ስህተት ነው። በአሞኒየም ፈንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ በርሜሉ የሚለቁ ፋብሪካዎች በሌላው ዓለም አሉ። ጋዙ ስስ ወደሆነው የበግና የፍየል ቆዳ ቶሎ ይዘልቃል፤ ወፍራሙ የከብት ቆዳ ላይ ይዘገያል። ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርግ በዚያ ልክ የሚሠራ ኢንዛይም መምረጥ፣ ከፀጉር መንቀያው የተረፈ ሰልፋይድም ወደ መርዛማ ጋዝ እንዳይለወጥ መጠንቀቅ ግድ ይላል። ለበግና ለፍየል ቆዳ ግን ሊሞከር የሚገባው ነው።

ለከብት ቆዳ አሞኒየም ሰልፌት ገና ብዙ ዘመን ይቆያል። የሚሠራው ከአሞኒያና ከሰልፈሪክ አሲድ ነው። አሲዱን ማምረት አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ የሚያውቀው ሥራ ነው። አሞኒያው ደግሞ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴ ማዳበሪያ ፋብሪካ ዩሪያ ለመሥራት መጀመሪያ የሚያመርተው ነገር ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች ፍላጎት ብቻውን የማምረቻ መስመር አያስተክልም። አሞኒየም ሰልፌት ግን ራሱ ማዳበሪያ ነው፤ ሰልፈር ያነሰው የኢትዮጵያ መሬትም ብዙ ነው። ስለዚህ ዋናው ገዢ ገበሬው ይሆናል፤ ቆዳ ፋብሪካው ከዚያው መስመር የሚፈልጋትን ጥቂት ቶን በብር ይገዛል።